መቀሱን የሚያስር ፕሮቲን፦ ከጥሬ አኩሪ አተር እስከ ሳንባችን



ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከደረሱኝ ጥያቄዎች አንዱ እንዲህ ይላል፦ «ዶክተር፣ ልጄ 10 ወሯ ነው፤ ክብደት አልጨምር ብላኛለች። አንድ ቪዲዮ ላይ ‹አኩሪ አተር እሳት ከነካው ፕሮቲኑ ይሞታል፤ በጥሬው ፈጭታችሁ በጥብጡላቸው› ሲሉ ሰማሁ። ምን ይመክሩኛል?»

እህቴ፣ አጭሩ መልስ እንዳትሰጫት ነው። ክብደት አልጨምር ያለች ልጅ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሄዳ መመዘንና መመርመር አለባት፤ ዱቄት እየቀያየሩ መሞከር ጊዜ ያባክናል። ረጅሙ መልስ ግን ለሁላችሁም ይጠቅማል ብዬ ስላሰብኩ እዚህ ሰፋ አድርጌ ጻፍኩት። እሳት አኩሪ አተር ውስጥ የሚገድለው ነገር መኖሩ እውነት ነው። ችግሩ ቪዲዮው ላይ ያለው ሰው ምን እንደሚገድል አለማወቁ ነው። ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት፣ ትንሽ ይረዝማል።

መቀሶቹ

በሥጋ፣ በእንቁላል፣ በሽሮ፣ በወተት ውስጥ ያለው ፕሮቲን አሚኖ አሲድ የሚባሉ ትንንሽ ዶቃዎች በክር ላይ ተሰክተው፣ ክሩም ተጠቅልሎ እንደ ልቃቂት የሆነ ነገር ነው። አንጀታችን ልቃቂቱን እንዳለ መምጠጥ አይችልም፤ መጀመሪያ መቆራረጥ አለበት። ይህንን የሚቆራርጡት ኢንዛይሞች ፕሮቲዬዝ ይባላሉ። እኔ ለዛሬ «መቀስ» እያልኩ እጠራቸዋለሁ።

እነዚህን መቀሶች በምላሳችሁ ታውቋቸዋላችሁ። አናናስ አብዝታችሁ ስትበሉ ምላሳችሁን የሚለበልባችሁ አሲዱ ብቻ አይደለም፤ ብሮሜሌን የሚባል ፕሮቲዬዝም አለበት። ያልበሰለ ፓፓያ ሲጫር የሚወጣው ነጭ ወተት ደግሞ ፓፓይን የሚባል መቀስ ይዟል። ጠንካራ ሥጋ ለማለስለስ የሚሸጠው ዱቄት ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ፓፓይንን ልብ በሉልኝ፤ ታች ሳንባ ላይ ስንደርስ እንደገና ይመጣል።

ሰውነታችን ውስጥ ትልቁ የመቀስ ፋብሪካ ቆሽት ነው። ትሪፕሲን፣ ካይሞትሪፕሲን፣ ኢላስቴዝ የሚባሉትን እያመረተ ወደ ትንሹ አንጀት ይልካል። መቀሶች ግን ለምግብ ብቻ አይደሉም። ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ትሮምቢን ፕሮቲዬዝ ነው፤ ነጭ የደም ሴሎቻችንም ባክቴሪያ የሚቆራርጡበት የራሳቸው ፕሮቲዬዝ አላቸው።

እዚህ ላይ ማንም ብልህ ተማሪ የሚጠይቀው ጥያቄ አለ። ቆሽት ራሱ ሥጋ ነው፣ ከፕሮቲን የተሠራ ነው። ታዲያ ቀኑን ሙሉ ሥጋ የሚቆርጥ መቀስ እያመረተ እንዴት ራሱን አይፈጭም?

ሁለት ጥንቃቄ አለው። አንደኛው፣ መቀሱን የሚያመርተው ከነአፎቱ ነው። ትሪፕሲኖጅን ይባላል፤ ሥራ የማይሠራ፣ አፉ የተሸፈነ ትሪፕሲን ማለት ነው። አንጀት ከደረሰ በኋላ የአንጀት ግድግዳ ላይ ያለ ሌላ ኢንዛይም አፎቱን ቆርጦ ይጥልለታል። ነጻ የወጣው ትሪፕሲን ደግሞ የሌሎቹን አፎት እያወለቀ ሥራ ያስጀምራቸዋል። ሁለተኛው ጥንቃቄ ጠባቂ ነው። አንዳንዱ ትሪፕሲን እዚያው ቆሽት ውስጥ ሳለ አፎቱ ቢወልቅስ? ያኔ 56 አሚኖ አሲድ ብቻ ያላት ትንሽዬ ፕሮቲን መጥታ ትይዘዋለች። ስሟ ስፒንክ ዋን ይባላል። የዛሬው ርዕሳችን እሷና ዘመዶቿ ናቸው፤ በሕክምና ቋንቋ ፕሮቲዬዝ ኢንሂቢተር፣ በእኛ አጋጅ ፕሮቲን።

አጋጁ እንዴት ያስራል?

ይህን ክፍል ቀስ ብላችሁ አንብቡት፤ ከገባችሁ የቀረው ሁሉ ቀላል ነው።

ትሪፕሲን ያገኘውን ክር ሁሉ አይቆርጥም። ላይዚን ወይም አርጂኒን የሚባሉ ዶቃዎች ካሉበት ቦታ ቀጥሎ ነው የሚቆርጠው። እነዚህ ሁለት ዶቃዎች ረዘም ያለ ጅራት አላቸው፣ ጅራቱም ፖዘቲቭ ቻርጅ አለው። ትሪፕሲን አካል ላይ ደግሞ ወለሉ ኔጌቲቭ ቻርጅ የሆነ ጠባብ ጉድጓድ አለ። ጅራቱ ጉድጓዱ ውስጥ ሲገባ ሁለቱ ይሳሳባሉ፣ ክሩ ቦታውን ይይዛል፣ አጠገቡ ያለው የመቀሱ ስለት ክሩን ይቆርጠዋል። የተቆረጠው ይሄዳል፣ መቀሱም ቀጣዩን ይጠብቃል። ነገሩ ሁሉ የዓይን ጥቅሻ ያህል እንኳ አይፈጅም።

አጋጁ ፕሮቲን የሚጠቀመው ይህንኑ የመቀሱን ልማድ ነው። ከአካሉ ወጣ ያለ ቀለበት አለው፤ ቀለበቱ ጫፍ ላይ ላይዚን ወይም አርጂኒን ተቀምጧል። ለትሪፕሲን ምግብ ይመስለዋል፣ ይነክሰዋል። መንጠቆ ላይ ያለ ትል ማለት ነው። ቀለበቱ ከጉድጓዱ ጋር ልክክ ብሎ የሚገጥም፣ ከግራና ከቀኝ በሰልፈር ድልድዮች የተጠፈነገ ግትር ነገር ነው። ክሩ ቢቆረጥ እንኳ ሁለቱ ጫፎች ከቦታቸው አይነቃነቁም፤ መልሰው ይጣበቃሉ። መቀሱ አፉ ሞልቶ ይቀራል። መዋጥም መትፋትም አይችልም።

ጓጉንቸር ውስጥ ቁልፍ ተሰብሮባችሁ ያውቃል? ልክ ያልሆነ ቁልፍ ቢሆን መጀመሪያውኑ አይገባም ነበር። ልክ በመሆኑ ነው ገብቶ የቀረው።

አያያዙ ምን ያህል ጠንካራ ነው ብትሉኝ፣ ከከብት የሚገኘውን አፕሮቲኒን ልጥቀስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1936 ኩኒትዝና ኖርዝሮፕ የሚባሉ ተመራማሪዎች ከከብት ቆሽት ለይተው አወጡት። 58 አሚኖ አሲድ ብቻ ነው ያለው። ትሪፕሲንን አንዴ ከያዘ፣ ከተያዙት ግማሾቹ እስኪላቀቁ ወራት ይፈጃል። ምግብ አንጀታችን ውስጥ የሚቆየው ሰዓታት ነው። ስለዚህ ለአንጀታችን ጉዳይ፣ የተያዘ መቀስ የለም ማለት ነው።

ስፒንክ ዋን በዘር በተበላሸችባቸው ሰዎች ላይ የቆሽት ሥር የሰደደ ብግነት የመያዝ ዕድል ከፍ ይላል። ይህ ብዙ ሰው የሚያጋጥመው አይደለም። አብዛኛው የቆሽት ድንገተኛ ብግነት የሚመጣው ከሐሞት ጠጠርና ከአልኮል ነው። መነሻው ይለያይ እንጂ ውስጥ የሚሆነው ነገር ተመሳሳይ ነው፦ መቀሶቹ አፎታቸውን ያለቦታቸው ያወልቃሉ፣ ጠባቂዎቹ አይበቁም፣ ቆሽት ራሱን መፍጨት ይጀምራል። ከላይኛው ሆድ ጀምሮ ወደ ጀርባ ዘልቆ የሚሄድ፣ የማያስቀምጥ ሕመም ከማስታወክ ጋር ከመጣባችሁ «ጨጓራዬ ነው» ብላችሁ አትደሩበት። በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

በነገራችን ላይ «ፕሮቲዬዝ ኢንሂቢተር» የሚለውን ስም ከኤች አይ ቪ መድኃኒት ጋር የምታውቁት አላችሁ፤ አታዛናቪርና ሎፒናቪር ለምሳሌ። እነሱ ፕሮቲን አይደሉም፣ በፋብሪካ የተሠሩ ትንንሽ ኬሚካሎች ናቸው። የቫይረሱን የራሱን መቀስ አፍ ይሞሉበታል፤ ቫይረሱም ክሩን ቆርጦ የበሰለ ቫይረስ መሥራት ያቅተዋል። ሐሳቡ አንድ ነው። ነገር ግን እነሱ የሚገቡት ለቫይረሱ መቀስ ስለሆነ «መድኃኒቱ ምግብ መፍጨቴን ያግደዋል» ብላችሁ እንዳትሰጉ፣ መድኃኒት እንዳታቋርጡም።

ታዲያ አኩሪ አተር ይህን ምን ያደርግለታል?

ተክል መሮጥ አይችልም፣ ጥርስም የለውም። ትል መጥቶ ሲበላው ያለው አማራጭ የትሉን ሆድ መቆለፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ግሪንና ራያን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች አንድ ደስ የሚል ነገር አሳዩ። ድንችና ቲማቲም ቅጠላቸውን ተባይ ሲበላው፣ የተበላው ቅጠል ብቻ ሳይሆን ያልተነኩት ቅጠሎችም ጭምር አጋጅ ፕሮቲን ማከማቸት ይጀምራሉ። ዘር ደግሞ የተክሉ ልጅ ስለሆነ ተባይ እስኪመጣ አይጠብቅም፤ አጋጁን ገና ሲፈጠር ጀምሮ ይሰንቃል። ባቄላ፣ አተር፣ ሽምብራ፣ ምስር፣ ቦሎቄ ሁሉም አላቸው። መጠኑ ግን ይለያያል፤ አኩሪ አተር ከሚበዛባቸው ውስጥ ነው።

ይህ ከመታወቁ በፊት እ.ኤ.አ. በ1917 ኦስቦርንና ሜንደል የተባሉ የሥነ ምግብ ተመራማሪዎች አይጦችን አኩሪ አተር እየመገቡ ነበር። ጥሬውን የበሉት አይጦች በደንብ አላደጉም። ተቀቅሎ ሲሰጣቸው አደጉ። ያው ዘር፣ ያው ፕሮቲን፤ ልዩነቱ እሳት ብቻ። ምክንያቱ ቁርጥ ብሎ የታየው ቆይቶ ነው፤ ያው ኩኒትዝ እ.ኤ.አ. በ1945 ከአኩሪ አተር የትሪፕሲን አጋጅ በክሪስታል መልክ አወጣ። ቀጥሎ ደግሞ ሌላ ተገኘ፣ ቦውማን በርክ የሚባል። በርክ የተባለችው እስራኤላዊቷ የሒብሩ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የሁዲት በርክ ናት። ይኼኛው ሁለት ራስ አለው፤ በአንዱ ትሪፕሲንን፣ በሌላው ካይሞትሪፕሲንን ይይዛል። ሰባት የሰልፈር ድልድይ ስላለው ከኩኒትዙ ይልቅ እሳት ይቋቋማል። ሞቅ አድርጎ ማውረድ የማይበቃው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ልጅቷ ሆድ እንግባ። ጥሬው ዱቄት ሲገባ አጋጆቹ ትሪፕሲንን ይይዙታል። ያልተቆረጠ ፕሮቲን ሳይመጠጥ ያልፋል። ይህ አንዱ ጉዳት ነው፤ የከፋው ግን ቀጥሎ ያለው ነው። በኖርማል ጊዜ ነጻ ትሪፕሲን አንጀት ውስጥ ሲበዛ ለቆሽት «በቃ፣ ደርሷል» የሚል መልእክት ይሆናል። መቀሶቹ ሁሉ ሲያዙ መልእክቱ ይጠፋል፣ ቆሽትም ጨምር የተባለ መስሎት ሌላ ያመርታል። ያም ይያዛል፣ ሌላም ያመርታል። ጥሬ አኩሪ አተር በሚመገቡ አይጦችና ጫጩቶች ላይ ቆሽቱ ያብጣል። ኢንዛይሞቹ ራሳቸው ፕሮቲን መሆናቸውን አትርሱ። ተይዘው በሰገራ ሲወጡ ሰውነት ከራሱ ጎተራ እየከፈለ ነው። ፕሮቲን ይጨምርላታል ተብሎ የተሰጣት ምግብ ከእሷው ይወስዳል ማለት ነው። ክብደት አልጨምር ላለች የ10 ወር ልጅ!

«እሳት ፕሮቲኑን ይገድለዋል» የሚለውም እዚህ ላይ ይፈታል። እሳት ልቃቂቱን ይተረትረዋል፣ ዶቃዎቹን አያጠፋቸውም። ለምግብነት የምንፈልገው ዶቃዎቹን ነው። የተተረተረ ልቃቂት ለመቀስ ይበልጥ ይመቻል። አጋጁ ግን ጉልበቱ ሁሉ ያለው ቅርጹ ላይ ነው፤ ቀለበቱ ግትርነቱን ካጣ ሌላ ማንም የሚበላ ፕሮቲን ሆኖ ይቀራል።

እናቶቻችን ይህን ሁሉ ስም ሳያውቁ ሥራውን ያውቁታል። ለሽሮ የሚሆነው እህል ይታመሳል፣ ይከካል፣ ይፈጫል፣ ከዚያ ደግሞ ድስት ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ይንተከተካል። ሁለት ጊዜ እሳት አየ ማለት ነው። በቆልት ሲደረግ፣ ማለትም እህሉ ተዘፍዝፎ ሲበቅል፣ አጋጁ በከፊል ይቀንሳል፤ ዘሩ ራሱ ሊያድግ ስለሆነ ስንቁን መቁረጥ ይጀምራል። በቆልትም ቢሆን ግን ቀቅሉት።

ቤት ውስጥ አኩሪ አተር የምትጠቀሙ ሌሊቱን ዘፍዝፉት፣ ውኃውን ድፉት፣ በአዲስ ውኃ ከፈላ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይንተክተክ። እርጥብ ሙቀት ከደረቅ ሙቀት የተሻለ ይሠራል። ስለዚህ የተቆላና የተፈጨ ዱቄት ቢሆንም ገንፎው ወይም አጥሚቱ በደንብ መብሰል አለበት፤ በሙቅ ውኃ በጥብጦ ማጠጣት በቂ አይደለም። የአኩሪ አተር ወተት ቤት ውስጥ የምትሠሩም ከጨመቃችሁ በኋላ አፍሉት፤ አረፋው ስለሚያታልል ገንፎል ሲል ቶሎ አታውርዱት። እሸት ሽምብራ ወይም እሸት ባቄላ መንገድ ላይ ገዝታችሁ እፍኝ ብትበሉ ግን ምንም አትሆኑም። ጤነኛ ቆሽት ከሚያስፈልገው በላይ ነው የሚያመርተው። እኔም እበላለሁ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ ልጨምር፤ ሰዎች ስለሚያደባልቁት። ቀይ ቦሎቄ ጥሬውን ወይም ለብ ባለ ሙቀት ብቻ ሲበሰል የሚያስታውከው ሌላ ፕሮቲን ነው፣ ሌክቲን ይባላል፤ እሱም በደንብ ሲፈላ ይሞታል። ጓያ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ታሪክ ነው። እግር የሚያሽመደምደው መርዝ ፕሮቲን አይደለም፣ መቀቀል ብቻውንም አያጠፋውም። «ዶክተሩ አብስሉት ብሏል» ብላችሁ ጓያን የዘወትር ምግብ እንዳታደርጉብኝ።

ጂም ለምትሄዱት

ጥሬ እንቁላል እየሰበራችሁ የምትጠጡ ወንድሞች፣ ይህ ለእናንተ ነው። የእንቁላል ነጩም አጋጅ ፕሮቲኖች አሉት፤ ጫጩቱን ከባክቴሪያ መቀስ መጠበቅ አንዱ ሥራቸው እንደሆነ ይታሰባል። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ የቤልጂየም ጥናት ሰዎችን የበሰለና ጥሬ እንቁላል አብልቶ ምን ያህሉ ፕሮቲን እንደተፈጨ ለካ። የበሰለው 91 በመቶ ገደማ፣ ጥሬው 51 በመቶ ገደማ። ጥናቱ በጥቂት ሰዎች ላይ የተሠራ ትንሽ ጥናት ነው፤ ልዩነቱ ግን ትንሽ አይደለም። ምክንያቱ በአጋጆቹ ብቻ አይመስለኝም፤ ያልተተረተረ ልቃቂት ራሱ ለመቁረጥ ያስቸግራል። ለማንኛውም ከገዛችሁት ፕሮቲን ግማሽ የሚሆነውን ወደ ሽንት ቤት እየላካችሁ ነው። በዚያ ላይ ሳልሞኔላ አለ። ቀቅላችሁ ብሉ፣ እንቁላል በዚህ ዋጋ!

አጋጁ ወዳጅ ሲሆን

እስካሁን አጋጅ ፕሮቲንን እንደ ጠላት ነው ያወራሁት። አንጀት ውስጥ እንኳ ወዳጅ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ እንገር። የላም እንገር የትሪፕሲን አጋጅ ይዟል። ጥጃው ከእናቱ የሚያገኘው የበሽታ መከላከያ አካል ፕሮቲን ስለሆነ፣ ጥበቃ ካልተደረገለት ሆዱ ውስጥ ተቆራርጦ ይቀር ነበር። የሰው እናት የመጀመሪያው ቢጫ ወተትም አጋጅ ፕሮቲን በብዛት አለው። «ቆሻሻ ነው» ተብሎ ታልቦ ሲደፋ የሚደፋው መከላከያውም ጠባቂውም ነው። የወለዳችሁ እህቶች፣ እናታችሁም አማታችሁም ቢሉ፣ እንገሩን በአክብሮት እምቢ ብላችሁ አጥቡት።

ዘዴውን ጥገኞችም ያውቁታል። ወስፋት የሚኖረው ትንሹ አንጀት ውስጥ፣ ትሪፕሲን ውስጥ እየዋኘ ነው። ሥጋ የሚፈጨው ፈሳሽ ለምን ትሉን አይፈጨውም? የራሱን አጋጅ ፕሮቲን ስለሚያመርት ነው። አልቅትም እንዲሁ፤ ምራቁ ውስጥ ያለው ሂሩዲን ትሮምቢንን ስለሚይዘው የነከሰበት ቦታ ደሙ ቶሎ አይቆምም።

የሳንባው ጠባቂ

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ እንምጣ።

ሳንባችን ውስጥ እጅግ ብዙ ትንንሽ የአየር ከረጢቶች አሉ። ስንተነፍስ እንደ ፊኛ ተነፍተው መልሰው የሚሰበሰቡት ኢላስቲን በሚባል ላስቲክ መሰል ፕሮቲን ነው። ባክቴሪያ ወይም ጭስ ሲገባ ኒውትሮፊል የሚባሉ ነጭ የደም ሴሎች ይጎርፋሉ፣ ኢላስቴዝ የሚባል መቀስም ይለቃሉ። ይህ መቀስ ባክቴሪያውንም ላስቲኩንም አይለይም፤ ያገኘውን ይቆርጣል። ላስቲኩን የሚጠብቀው ጉበት አምርቶ በደም የሚልከው አልፋ ዋን አንቲትሪፕሲን የሚባል አጋጅ ነው። ስሙ ያሳስታል፤ ትሪፕሲንን ያግዳል ተብሎ ስም ወጣለት እንጂ ዋናው ሥራው ይህን ኢላስቴዝ መያዝ ነው።

አያያዙ ከቅድሙ ይለያል። የቅድሙ የተሰበረ ቁልፍ ነበር፣ ይኼኛው የአይጥ ወጥመድ ነው። ወጣ ብሎ የተንጠለጠለ ረጅም ቀለበት አለው። ኢላስቴዝ መጥቶ ቀለበቱን ይቆርጣል። ልክ ሲቆርጥ ወጥመዱ ይፈነጠራል፦ የተቆረጠው ቀለበት ወደ አጋጁ አካል ውስጥ ይገባል፣ የተጣበቀበትን መቀስም ይዞት ከላይ ወደ ታች ይወረውረዋል። መቀሱ ከአጋጁ አካል ጋር ተጋጭቶ ይጨመደዳል፣ ስለቱ ከቦታው ይወላለቃል። ይህ ሁኔታ በክሪስታል ምስል ቁልጭ ብሎ የታየው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። ከዚያ በኋላ ሁለቱም አያገለግሉም፤ አንድ ጠባቂ ለአንድ መቀስ። ለዚህ ነው ጉበት ያለማቋረጥ ማምረት ያለበት።

ወጥመዱ ላይ የተቀመጠው ማባበያ ሜታዮኒን የሚባል አሚኖ አሲድ ነው፤ በሰንሰለቱ ላይ 358ኛው። ሜታዮኒን አንድ ድክመት አለው፣ በቀላሉ ይዝጋል፤ ብረት እንደሚዝገው ኦክስጅን ይይዘዋል። የሲጋራ ጭስ የሚያደርገው ይህንን ነው። ማባበያው ሲዝግ ኢላስቴዝ እንደ ድሮው አይነክሰውም፤ ጠባቂው አለ፣ ሥራው ግን በእጅጉ ይዳከማል። ጭሱ በዚያው ላይ ኒውትሮፊሎችን ይጠራል። መቀስ ይጨምራል፣ ጠባቂ ይቀንሳል። ዓመታት ሲያልፉ ላስቲኩ እየተቆረጠ ትንንሾቹ ከረጢቶች ይቀዳደዱና ትልልቅ የላሉ ከረጢቶች ይሆናሉ። ኤምፊዚማ የምንለው ይህ ነው። የተቀደደው አይሰፋም።

ይህን እንዴት አወቅን? እ.ኤ.አ. በ1963 በስዊድን፣ ማልሞ፣ ሎሬልና ኤሪክሰን የደም ፕሮቲኖችን በኤሌክትሪክ እየለዩ ሲመለከቱ በአምስት ሰዎች ናሙና ላይ አንድ መስመር እንደጎደለ አዩ። የጎደለው አልፋ ዋን አንቲትሪፕሲን ነበር። ከአምስቱ ሦስቱ የሳንባ ሕመምተኞች ነበሩ። በዚያው ሰሞን አሜሪካ ውስጥ ሌሎች ተመራማሪዎች ፓፓይንን፣ ያንን የፓፓያ መቀስ፣ አይጥ ሳንባ ውስጥ ጨመሩት፤ አይጦቹ ኤምፊዚማ ያዛቸው። አንዱ ጠባቂው ሲጠፋ የሚሆነውን አሳየ፣ ሌላው መቀሱ ሲበዛ የሚሆነውን። ውጤቱ አንድ ዓይነት ሳንባ ነው።

በዘር የሚመጣው እጥረት ብዙ ጊዜ ዜድ ከሚባል የጂን ለውጥ ነው። አንድ አሚኖ አሲድ ብቻ ተቀይሮ ፕሮቲኑ ጉበት ውስጥ እርስ በርሱ ይቆላለፋል፣ ወደ ደም አይወጣም። ሳንባ ያለ ጠባቂ ይቀራል፣ ጉበትም በተከማቸው ይጎዳል። ይህ ለውጥ በይበልጥ የሚታየው የሰሜን አውሮፓ ዘር ባላቸው ሰዎች ላይ ነው፤ እኛ ዘንድ ያልተለመደ ነው። ይሁን እንጂ አውሮፓና አሜሪካ ያላችሁ፣ ሥር የሰደደ የሳንባ መጥበብ አለባችሁ ከተባላችሁ ሐኪማችሁን ይህን የደም ምርመራ መጠየቅ መብታችሁ ነው፤ መመሪያዎቹም አንድ ጊዜ እንዲሠራ ይመክራሉ። እጥረቱ ከተገኘ ከለጋሾች ደም የሚዘጋጅ አልፋ ዋን አንቲትሪፕሲን በየሳምንቱ በደም ሥር የሚሰጥበት ሕክምና አለ፤ አሜሪካ ውስጥ ከ1987 ጀምሮ ተፈቅዷል። ሲጋራ ለማያቆም ሰው ግን ጠባቂውን በአንድ በኩል እየሞሉ በሌላ በኩል ማዛግ ይሆናል።

እኛ አገር ያለው ችግር በአብዛኛው ጂን አይደለም፣ ጭስ ነው። ሲጋራና ሺሻ አሉ። ሺሻው በውኃ ስላለፈ ይጣራል የሚባለውን አትመኑ፣ የከሰሉም የትምባሆውም ጭስ ይገባል። ሲጋራ በአፋቸው ዞሮ የማያውቅ፣ 30 እና 40 ዓመት በእንጨትና በኩበት እንጀራ የጋገሩ እናቶችም ይህ በሽታ ይይዛቸዋል። ያው ባቄላውን የሚያድንልን እሳት ነው ጭሱ ሳንባቸውን የሚጎዳው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ያላችሁ ተጠቀሙ፤ መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ያላችሁ ቢያንስ ጭሱ የሚወጣበት ቀዳዳ አብጁ፣ ደጅ ወይም በረንዳ ላይ አብስሉ፣ ሕፃን አዝላችሁ ምጣድ ላይ አትቁሙ።

አሁንም የምታጨሱ፣ ያቆማችሁ ዕለት የተቀደደው ባይሰፋም መቀደዱ ፍጥነቱ ይቀንሳል። ዳገት ላይ ወይም ደረጃ ላይ ከእኩዮቻችሁ ቀድማችሁ የምታለከልኩ፣ ሳል ከወራት በላይ የቆየባችሁ፣ ደረታችሁ ሲር ሲር የሚል፣ «ዕድሜ ነው» ብላችሁ አትለፉት። ስፓይሮሜትሪ የሚባል ምርመራ አለ፤ ቱቦ ውስጥ በኃይል መተንፈስ ብቻ ነው፣ መርፌ የለውም፣ ብዙም አይቆይም። እናቶቻችሁ «እኔ ደህና ነኝ፣ የጭስ ሳል ነው» ይሏችኋል። ይዛችኋቸው ሂዱ።